አትላንቲክን ሲሻገሩ አውሮፕላን የት ይቀየር? የትኬት ዋጋው የማያሳየው ድንበር

አሜሪካ ያለው ልጅ ባሕር ዳር ድረስ መምጣት ሲከብደው፣ "እንግዲያው መሃል ላይ እንገናኝ" የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ሮም፣ ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ይመረጣል፤ ዘመድ ያለበት ከተማ ማለት ነው። ከዚህ የሚነሳው ሰው መንገዱ አይጠፋበትም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ሌሊት ተሳፍሮ ጠዋት አውሮፓ ይደርሳል። ከኮሎምበስ ኦሃዮ ወይም ከሱ ፎልስ የሚነሳው ወንድም ግን መምረጥ አለበት። አውሮፕላን የሚቀይረው ውቅያኖሱን ሳይሻገር ነው ወይስ ከተሻገረ በኋላ?

ጥያቄው ድሮም ነበረ። አሁን ያጦዙት ሁለት ዜናዎች ናቸው። አንደኛው፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2025 አዲስ የድንበር መመዝገቢያ ሥርዓት መጀመሩ ነው። ሁለተኛው፣ አሜሪካ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጣቸው አብዛኞቹ የጉብኝት፣ የትምህርትና መሰል ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆኑ ማድረጓ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሩ ተደበላለቁ። "አውሮፓ ላይ ትራንዚት ተከለከለ" እስከማለት የደረሰም አለ።

አልተከለከለም። ግን የአመራረጡ ስሌት ተቀይሯል። ትኬት የሚፈለግባቸው ገጾች ዋጋና የጉዞ ሰዓት ያሳያሉ። ድንበር የሚታለፈው የት ላይ እንደሆነ አያሳዩም። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩ አውሮፕላን መቼ እንደሚነሳም አያሳዩም። ኤርፖርት ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቃላቱን እናጥራ

ትራንዚት በተለምዶ ለሁሉም ነገር ይውላል። ሁለት ዓይነት መሆኑን ግን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ መንገደኛው ከኤርፖርቱ ዓለም አቀፍ ክልል ሳይወጣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚሄድበት ነው። ኢሚግሬሽን አያልፍም፤ በሕግ አገሩ ውስጥ አልገባም። ሁለተኛው ደግሞ ፓስፖርት አስመትቶ፣ አንዳንዴም ሻንጣውን ተቀብሎ፣ እንደገና የሚሳፈርበት ነው። ይኼኛው ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ወደ አገር መግባት ነው። ቪዛ የሚጠየቀውም እንደ ገቢ ሰው ነው።

ሃብ የሚባለው አንድ አየር መንገድ በረራዎቹን ሰብስቦ መንገደኞችን የሚያቀያይርበት ዋና ማዕከል ነው። ለሉፍታንዛ ፍራንክፈርትና ሙኒክ፣ ለብሪቲሽ ኤርዌይስ ሂትሮው፣ ለኤር ፍራንስ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል፣ ለዩናይትድ ኒውአርክ፣ ዋሽንግተን ደለስ እና ቺካጎ ኦሄር ይጠቀሳሉ።

ዝቅተኛ የማገናኛ ጊዜ የሚባል ነገርም አለ። ከአንዱ በረራ ወርዶ ሌላው ላይ ለመድረስ ይበቃል ተብሎ በየኤርፖርቱ የተቀመጠ ደቂቃ ነው። ቪየና 25 ደቂቃ ይበቃል እያለ ራሱን ያስተዋውቃል። ፍራንክፈርት 45 ደቂቃ ይላል። እነዚህ ቁጥሮች ትኬት መሸጥ የሚፈቀድባቸው የመጨረሻ ወለሎች ናቸው እንጂ የምቾት መለኪያ አይደሉም። አሮጊት እናት ወይም ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ምንም ማለት አይደሉም።

ድንበሩ የት ነው?

አብዛኛው ሰው አውሮፓ የሚገባው የመጨረሻው ከተማ ላይ ሲደርስ ይመስለዋል። የሼንገን አሠራር እንደዚያ አይደለም። ሼንገን በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር ያስቀሩ 29 የአውሮፓ አገሮች ክልል ነው። ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ድንበር የሚያልፈው መጀመሪያ ባረፈበት የሼንገን ኤርፖርት ነው። ከኒውአርክ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው ፓስፖርቱ የሚታየው ፍራንክፈርት ላይ ነው። ከፍራንክፈርት በኋላ ያለው ጉዞ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይቆጠራል። ስቶክሆልም ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።

በለንደን ሂትሮው በኩል ቢሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ብሪታንያ ሼንገን ውስጥ የለችም። ሂትሮው ላይ ከዓለም አቀፉ ክልል ካልወጣ ድንበር የሚያልፈው ስቶክሆልም ላይ ነው። መድረሻው ያው ነው፤ የሰልፉ ቦታ ግን ተቀየረ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድንበር መሃል መንገድ ላይ ሲሆን ሰልፉ ቀጣዩን አውሮፕላን ሊያስመልጥ ይችላል። መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን የሚቆየው ሊቀበል የመጣው ዘመድ ብቻ ነው።

አሁን ፓስፖርቱን እንይ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሼንገን አጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ወደ ብሪታንያ ለመግባት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ይጠየቃል። ሂትሮው ወይም ማንቸስተር ላይ ድንበር ሳያልፍ አውሮፕላን ብቻ የሚቀይር ግን አይጠየቅም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር ስንመጣ ጥንቃቄ ያሻል። በአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ አባሪ ላይ ዜጎቻቸው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ የሚጠየቁ 12 አገሮች ተዘርዝረዋል። ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ኤርትራና ሶማሊያም አሉበት። ይህ ማለት ከኤርፖርቱ ሳይወጣ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊም በመርህ ደረጃ ቪዛ ያስፈልገዋል። "ትራንዚት ተከለከለ" የሚለው ወሬ ከዚህ የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም። ሕጉ ግን የቆየ ነው፤ የ2025 ፈጠራ አይደለም።

ያው ሕግ ሰፊ በርም ከፍቷል። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ከኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ነፃ ነው። ቪዛውን ተጠቅሞ ከአሜሪካ የሚመለስም እንዲሁ። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ ከዋሽንግተን በፍራንክፈርት በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ፍራንክፈርት ላይ ቪዛ አያስፈልገውም። ብሪታንያም ለአሜሪካ ቪዛና ግሪን ካርድ ባለቤቶች ተመሳሳይ ነፃነት ትሰጣለች።

ነፃነቱ የሚሠራው ግን አንድ የሼንገን ኤርፖርት ብቻ ሲነካ ነው። ከኒውአርክ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ቪየና፣ ከቪየና አዲስ አበባ የሚል ትኬት እንውሰድ። ዋጋው ሊማርክ ይችላል። መሃል ላይ ያለው የፍራንክፈርት–ቪየና በረራ ግን የሼንገን ውስጥ በረራ ነው። እሱን ለመሳፈር ድንበር ማለፍ ግድ ነው፤ ያለ ሙሉ የሼንገን ቪዛ አይሆንም። ትኬቱን የሚሸጠው ገጽ ይህን አይጠይቅም። ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ነው።

መድረሻው ራሱ ሼንገን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ግሪን ካርድ የቪዛን ቦታ አይተካም። ሮም ላይ እናቱን ሊያገኝ የሚሄድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት የጣሊያን ቆንስላ የሚሰጠው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛው ለስንት ጊዜ መግቢያ እንደሆነም ይታይ። የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ፣ ሮም ገብቶ በኢስታንቡል በኩል ወደ ስቶክሆልም የሚያዞር ርካሽ ትኬት ሁለተኛ መግቢያ ይሆንበታል። ኢስታንቡል ሲደርስ ከሼንገን ወጥቷል።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፔዳም ሆነ ከፖሊ ግቢ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ አሜሪካ የሄዱ ወጣቶች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ተማሪው አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ይቆያል፤ ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው የሦስት ወር ቪዛ ግን አልቋል። በትምህርቱ ለመቀጠል ችግር የለውም። አውሮፓ ውስጥ ለጉባኤ ከወጣ ግን ለመመለስ አዲስ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል። አዲሱን ቪዛ እስኪያገኝ ድረስ ወደ አሜሪካ በሚወስደው መንገድ ላይ የትራንዚት ነፃነቱንም አያገኝም። ለእሱ የትኛው ኤርፖርት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ገና ነው። መጀመሪያ መውጣት ያዋጣል ወይ የሚለው ይቀድማል።

መንገደኛውን የሚመልሰው መጀመሪያ የአውሮፓ ፖሊስ እንዳልሆነ ማወቅም ጥሩ ነው። ቦርዲንግ ፓስ የምትሰጠው የአየር መንገድ ሠራተኛ ናት። አየር መንገዶች ሰነድ የሌለው ሰው ካመጡ ይቀጣሉ። ስለዚህ ቲማቲክ የሚባለውን የዓለም አቀፉን የአየር መንገዶች ማኅበር የመረጃ ቋት አይተው ይወስናሉ። እዚያ ላይ "አይቻልም" ካለ ኤርፖርት ላይ መከራከር ብዙም አይጠቅምም።

አሜሪካ ውስጥ መቀየር

አሜሪካ ከአገሯ ለሚወጣ መንገደኛ የኢሚግሬሽን ሰልፍ የላትም። ከኮሎምበስ ኒውአርክ ደርሶ ወደ ፍራንክፈርት የሚቀጥል ሰው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሻንጣው በራሱ ያልፋል። ለመሄጃ ሲሆን ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ረጅም በረራ ብቻ ይቀራል፤ አውሮፓ ሲደርስ ጉዞው አልቋል።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች አብዛኞቹ በምሽት፣ ከአመሻሽ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ይነሳሉ። ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት በረው ጠዋት ይደርሳሉ። በቀን የሚነሳው እጅግ ጥቂት ነው። የአገር ውስጡ በረራ ዘግይቶ ያን ምሽት ያመለጠው ሰው ወደ ብዙዎቹ ከተሞች ቀጣይ አውሮፕላን የሚያገኘው በማግስቱ ምሽት ነው።

መዘግየቱ ደግሞ የሚበዛው በዚያው ሰዓት ነው። በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነጎድጓዳማ ዝናብ ኒውዮርክን፣ ኒውአርክንና ቺካጎን ያስተጓጉላል። ክረምታቸው ላይ በረዶ አለ። ኒውአርክ በ2025 ጸደይ ላይ ሌላም ችግር ነበረበት። የበረራ ተቆጣጣሪዎች እጥረት ነበር፤ የራዳርና የሬዲዮ መስመር ለአፍታ ተቋርጧል፤ አንድ መንደርደሪያም በእድሳት ላይ ነበር። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በቀን የሚስተናገዱትን በረራዎች ቁጥር እስከመገደብ ደርሶ ነበር።

የኒውዮርኩ ጄኤፍኬ ኤርፖርት ሌላ ነገር ነው። ተርሚናሎቹ በውስጥ አይገናኙም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ወጥቶ፣ በነፃ የሚሠራውን የኤርፖርቱን ባቡር ይዞ፣ እንደገና በፍተሻ ማለፍ ያስፈልጋል። አንድ ተርሚናል ውስጥ የሚቀየር ትኬትና ሁለት ተርሚናል የሚያዞር ትኬት ወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ። እግር ላይ ግን አንድ አይደሉም።

አውሮፓ ውስጥ መቀየር

እዚህ ላይ ሰዓቱ ወደ መንገደኛው ያደላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፍራንክፈርት ያረፈ ሰው ወደ ስቶክሆልም የሚሄደው የሦስት ሰዓቱ በረራ ቢያመልጠው ሌላው ከሰዓት በፊት ወይም በኋላ አለ። ምሽትም አለ። ቀኑ ገና ነው። ከኒውአርክ ያመለጠ አንድ ሙሉ ቀን ሲያጣ፣ ከፍራንክፈርት ያመለጠ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ነው የሚያጣው። በዚህ ጸሐፊ እይታ አውሮፓ ላይ ለመቀየር የሚቀርበው ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። የተርሚናሉ ውበት፣ ሱቁ፣ ወንበሩ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ዋጋ የለውም።

በአንጻሩ የድንበሩ ሰልፍ እዚህ ነው። አዲሱ ሥርዓት፣ በምህጻሩ ኢኢኤስ፣ የአውሮፓ ዜጋ ያልሆነ የአጭር ጊዜ መንገደኛ ሲገባና ሲወጣ በፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ከመምታት ይልቅ በኮምፒውተር ይመዘግበዋል። መጀመሪያ ሲገባ የፊት ፎቶና የአራት ጣት አሻራ ይወሰዳል። መዝገቡ ለሦስት ዓመት ይቆያል። ዕድሜያቸው ከ12 በታች የሆኑ ልጆች አሻራ አይጠየቁም። ቪዛ ሲያመለክት አሻራ የሰጠ ሰውም እንደገና አይሰጥም፤ ፎቶ ብቻ ነው። ሥርዓቱ ቀስ በቀስ ተዘርግቶ እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 2026 በሁሉም የሼንገን ድንበር እንዲሠራ ነበር የታቀደው።

ከዓለም አቀፉ ክልል ሳይወጣ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥል ሰው በኢኢኤስ አያልፍም። የሚመለከተው ድንበር የሚያቋርጠውን ነው። የሚያስከትለው ለውጥም ግልጽ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጠዋት ከአትላንቲክ ማዶ በሚያርፍበት ኤርፖርት፣ የመጀመሪያ ምዝገባ ደቂቃዎች ሲደማመሩ ሰልፍ ይረዝማል። ቀድሞ ትበቃ የነበረች የአንድ ሰዓት ቆይታ ዛሬ ቁማር ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት መያዝ ተገቢ ነው።

ይህ በተለይ ኬፍላቪክን ይነካል። የአይስላንዱ ኤርፖርት በካርታ ላይ ለትራንዚት የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ከአሜሪካ ወደ ሰሜን አውሮፓ በሚወስደው አጭሩ መስመር አጠገብ ነው። አይስላንድኤር ከአሜሪካ የሚመጡትን ማለዳ ሰብስቦ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ አውሮፓ ይበትናቸዋል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። አይስላንድ ግን ሼንገን ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው በዚያች አጭር ጊዜ ድንበር ያልፋል። ክረምት ላይ የደሴቲቱ ማዕበል ይጨመርበታል።

ሂትሮው ድንበሩን ወደ መድረሻው ይገፋል፤ ይህ ጥቅም ነው። ግን ትራንዚት የሚያደርግ ሁሉ እንደገና ይፈተሻል፤ ተርሚናል መቀየር ካለ በአውቶቡስ ነው። የጎጃም ማር በእጅ ሻንጣው የያዘ ሰው እዚያ ፍተሻ ላይ ማሩ እንደ ፈሳሽ እንደሚቆጠር ቢያውቅ ይሻላል። ቅቤና ቋንጣ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር በግል ሻንጣ ይዞ ወደ ኅብረቱ መግባት በኅብረቱ ደንብ የተከለከለ ነው፤ በየትኛውም ኤርፖርት ቢገባ ለውጥ የለውም።

ትልቅ ሃብ ሁልጊዜ አስተማማኝ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2025 በአቅራቢያው ባለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ በተነሳ እሳት ሂትሮው ቀኑን አብዛኛውን ተዘግቶ ውሏል። ከሺህ በላይ በረራዎች ተስተጓጉለዋል።

ሁለቱ ወገኖች

አሜሪካ ላይ ይቀየር የሚሉት የሚያነሱት ነጥብ ይገባል። ቋንቋው ይታወቃል፣ ስልኩ ይሠራል፣ ቢያድር እንኳ በአገሩ ነው፤ የቪዛ ጣጣም የለም። እንቅልፍ አጥቶ ጠዋት በማያውቀው ኤርፖርት መሯሯጥ የለም። አውሮፓ ላይ ይቀየር የሚሉት ደግሞ ስለ ቀጣዩ አውሮፕላን ያስባሉ። ሲበላሽ የሚጠገነው እዚያ ነው ይላሉ።

ሁለቱም የሚሳሳቱት ነገሩን ለሁሉም መንገድ አንድ ሲያደርጉት ነው። መድረሻው ለንደን፣ ፓሪስ፣ ፍራንክፈርት ወይም ሮም ከሆነ ከአሜሪካ ሃቦች ቀጥታ በረራ አለ። ወደ አንዳንዶቹ በአንድ ምሽት ከአንድ በላይ ይነሳል። እንዲህ ሲሆን አሜሪካ ላይ መቀየር ያዋጣል፤ ቅድመ ሁኔታው የአገር ውስጡን በረራ የጠዋት ማድረግ ነው። የአራት ወይም የአምስት ሰዓት ቆይታ አሰልቺ ነው፤ ግን ከአንድ ቀን ይሻላል። መድረሻው እንደ ጎተንበርግ ወይም ቦሎኛ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ከተማ ከሆነ ግን ከአሜሪካ ቀጥታ ስለማይገኝ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። ያኔ ውቅያኖሱን አንዴ ተሻግሮ፣ ወደዚያ ከተማ በቀን ብዙ በረራ ባለው የአውሮፓ ሃብ መቀየር ነው። ሁለቴ የሚያስቀይር፣ አንዴ አሜሪካ አንዴ አውሮፓ፣ ከሆነ ቢያንስ አንደኛው ቆይታ ሰፊ ይሁን።

አንድ ትኬት ወይስ ሁለት?

ይህ ከኤርፖርቱ ምርጫ በላይ የሚወስንበት ጊዜ አለ። ሁሉም በረራዎች በአንድ ቡኪንግ ላይ ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ሲያመልጥ ሌላ በረራ ማስያዝ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከሆኑ ሁለተኛው አየር መንገድ ያልመጣ መንገደኛ ነው የሚለው። ሻንጣ መቀበልና እንደገና ማስረከብም አለ። ሻንጣ ለመቀበል ደግሞ ድንበር ማለፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የትራንዚት ነፃነቱ እዚህ አይጠቅምም።

በአይስላንድ በኩል ርካሽ ትኬት ይሸጡ የነበሩ ሁለት ኩባንያዎች ዋው እና ፕሌይ ነበሩ። ዋው በማርች 2019፣ ፕሌይ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ በድንገት ሥራ አቆሙ። በተለየ ትኬት ሌላ በረራ ይዞ የነበረ መንገደኛ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ቲኬቱ ላይ የተቀነሰችው ዋጋ የኢንሹራንስ ዋጋ ነበረች ማለት ይቻላል።

ሲዘገይ ማን ይከፍላል?

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 እዚህ ላይ ልዩነት ይፈጥራል። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ፣ በአየር መንገዱ ጥፋት መድረሻው ላይ ብዙ የዘገየ መንገደኛ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ይጠይቃል፤ መነሻው የሦስት ሰዓት መዘግየት ነው። በአየር ጠባይ ምክንያት ከሆነ ካሳ የለም፤ ምግብና ማደሪያ ግን አሁንም የአየር መንገዱ ግዴታ ናቸው።

ደንቡ የሚሠራው ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሳ ማንኛውም በረራ ነው። ከውጭ ሲመጣ ግን የኅብረቱ አየር መንገድ ከሆነ ብቻ። ከኮሎምበስ እስከ ስቶክሆልም በአሜሪካ አየር መንገድ የሄደ ሰው አይሸፈንም፤ በሉፍታንዛ የሄደ ይሸፈናል። ለእናትም ያው ነው። ከአዲስ አበባ ሮም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትሄድ አይመለከታትም፤ ከሮም ስትመለስ ይመለከታታል። አሜሪካ ውስጥ ተመጣጣኝ የካሳ ሕግ የለም። በ2024 የወጣው ደንብ ዓለም አቀፍ በረራ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲዘገይ ጉዞውን ለሰረዘ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስ ያዛል፤ ካሳ ግን አይደለም።

መመለሻው ሌላ ስሌት ነው

ለመሄጃ የተመረጠው ኤርፖርት ለመመለሻ ሲሆን መልኩን ይቀይራል። አሜሪካ እንደ አውሮፓ ድንበር የማይታለፍበት የትራንዚት ክልል የላትም። መጀመሪያ ባረፈበት የአሜሪካ ኤርፖርት ሁሉም መንገደኛ ኢሚግሬሽን ያልፋል፤ በተለምዶ ሻንጣውን ተቀብሎ በጉምሩክ ያሳልፍና እንደገና ያስረክባል። ከዚያ እንደገና ፍተሻ አለ። ሲሄድ አርባ ደቂቃ የበቃው ኒውአርክ ሲመለስ ሦስት ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል።

ከዚህ ለማምለጥ ደብሊን አለች። ደብሊንና ሻነን ውስጥ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሠራተኞች መንገደኛውን ከመሳፈሩ በፊት ይጨርሱታል። አሜሪካ ሲደርስ እንደ አገር ውስጥ መንገደኛ ይወርዳል። ለአሜሪካ ፓስፖርት ባለቤት ጥሩ ምርጫ ነው። አየርላንድ ግን የሼንገን አባል አይደለችም። የሼንገን ቪዛ እዚያ አያገለግልም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአየርላንድን የራሷን የትራንዚት ደንብ ሳያይ ትኬቱን እንዳይቆርጥ።

ደብሊንን ካነሳን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዓመታት ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያ ያርፍ የነበረው ለሌላ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸገራል፤ መንገድ ላይ ይሞላል። ዋሽንግተን ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መመለሻው ያለማቋረጥ ይመጣል።

ሰዓቱና ቀኑ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ የዚያ ከተማ የአካባቢ ሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል። 00:15 ላይ የሚነሳ የጁላይ 10 በረራ በእኛ ሌሊት 6፡15 ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ይህ ሌሊት የጁላይ 9 ተከታይ ነው። መንገደኛው ኤርፖርት መገኘት ያለበት ጁላይ 9 ማታ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን በረራ ጁላይ 10 ላይ ካስያዘ ሮም የሚሄደው አውሮፕላን ሄዷል።

ከአሜሪካ ሲነሱ የሚደርሱት በማግስቱ ስለሆነ ሆቴልም ሆነ ተቀባይ በዚያ ቀን ይያዝ። ሌላ ወጥመድም አለ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ አሜሪካና አውሮፓ ይቀይራሉ፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ ወደፊት ስታደርግ አውሮፓ የወሩን የመጨረሻ እሑድ ይጠብቃል። መጸው ላይ አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሲመልስ አሜሪካ የኖቬምበርን የመጀመሪያ እሑድ ትጠብቃለች። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት በኒውዮርክና በሮም መካከል ያለው ልዩነት ከስድስት ወደ አምስት ሰዓት ይወርዳል። ልጅና እናት የየራሳቸውን ትኬት ይዘው በስልክ ሰዓት ሲያስተካክሉ፣ ሁለቱም የሚያወሩት በሮም ሰዓት መሆኑን አስቀድመው ይስማሙ።